ሦስት ውሃ

ጋሽ እንድሪስ መሞታቸውን የነገረኝ የደባርቁ አውቶቡስ ረዳት ነው። ዳባት ላይ፣ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ቆሞ የበርበሬ ጆንያ እያወረደ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር፣ «ያ ፎቶ አንሺ ጎረቤትህ አረፈ እኮ» አለኝ።

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ። በዕለቱ ተቀበረ። የእስላም ቀብር መች ይጠብቃል።» ጆንያውን ለተሸካሚው ለቀቀና እጁን አራገፈ። «ሰው አልነበረውም መሰለኝ። ያች ውሃ ቀጂዋ ሴትዮ ናት ስትሯሯጥ የነበረችው።»

ይህን ብሎ ወደ ሌላው ጆንያ ዞረ። እኔም ፍርድ ቤቱ ደጅ ወደምጽፍባት ጠረጴዛ ተመለስኩ። አንድ ባለጉዳይ የወሰን ክርክር ማመልከቻውን ግማሽ ጽፌለት ይጠብቀኝ ነበር። ብዕሩን አነሳሁ፤ አልሄድ አለኝ። «ይቅርታ፣ ሌላ ቀን» ብዬ አሰናበትኩት። በማግስቱ ማለዳ ደባርቅ በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ።

ጋሽ እንድሪስን ያወቅኋቸው ደባርቅ ውስጥ በአንድ በረንዳ ጎረቤት ሆነን ነው። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ፊደል ከየኔታ ተምሬ የቀረውን ትምህርት ዕቃ ከተጠቀለለባቸው ጋዜጦች የለቀምኩ፣ በሰው ስም ማመልከቻ፣ በራሴ ስም ግጥም የምጽፍ ሰው ነበርኩ። አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልችልም። ሁልጊዜ ወደ ጎንደር ልሄድ፣ ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ስል ነው የምውለው። እሳቸው ከቦታቸው አይነቃነቁም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ቡናማ ኮታቸውን በጋ ከክረምት አያወልቁትም። የቀኝ እጃቸው ጥፍሮች በፎቶ መድኃኒት ብዛት እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ ጥፍር መስለዋል። ሙያውን ጎንደር ውስጥ ከአንድ ባዕድ ሰው ተምረው፣ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ካሜራውን ትቶላቸው ሄደ። ሚስታቸው በመጀመሪያ ወሊዷ እንደሞተች ከሰው ሰምቻለሁ። ከአፋቸው ግን አንድ ቀን አልሰማሁም።

ፎቶ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ከኋላ ግድግዳው ላይ ጣና የተሳለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ሥዕሉን የሠራው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለነበር፣ ታንኳው ላይ የቆመው ዓሣ አጥማጅ ዓይኑ እንደ ሐዋርያ የተለጠጠ ነው። ደባርቅና አካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ፎቶ ሲነሳ ያ ዓሣ አጥማጅ ከትከሻው በላይ ሆኖ አፍጥጦ ያየዋል።

ጋሽ እንድሪስ ሰው ሲያነሱ የሚያደርጉትን አይቼ አልጠግብም ነበር። ገበሬው ወንበሩ ላይ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሆኖ ይደርቃል። ጉንጩ ይወጠራል፣ አንገቱ ይገተራል። እሳቸው ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንበው ካሜራው ውስጥ ይገቡና ዝም ይላሉ። ዝምታው ይረዝማል። ከዚያ ከጨርቁ ውስጥ ሆነው፣ «ለመሆኑ የበሬዎ ስም ማን ነው?» ይላሉ።

«የቱ?»

«የግራው።»

«የግራው… ሸጋው ነው እንጂ!»

ሰውዬው በሬውን ሲያስበው ፊቱ ይላላል። ዓይኑ ውስጥ ማሳው፣ ጓሮው፣ ጠዋቱ ይገባል። ቀጭ ትላለች ካሜራዋ። «አሁን መጡ» ይላሉ ከጨርቁ እየወጡ። «እስካሁን የተቀመጠው ሌላ ሰው ነበር።»

እናት ከሆነች የመጀመሪያ ልጇ የወተት ጥርስ መቼ እንደወለቀ ይጠይቃሉ። ቄስ ከሆኑ የቅኔ መምህራቸውን ስም። «ፊት በጥሪ አይመጣም» ይሉኝ ነበር። «በር ከፍተህ ዝም ስትል፣ ራሱ ይገባል።»

ሁለተኛው ሕጋቸው ውሃ ነው። ፎቶ ከመድኃኒቱ ከወጣ በኋላ መታጠብ አለበት። መድኃኒቱ ተጣርቶ ካልሄደ ውስጥ ውስጡን ሥዕሉን ይበላዋል፤ ወዲያው አይታይም፤ ወራት ቆይቶ ነው የሚጋለጥ። ስለዚህ እያንዳንዱን ፎቶ በሦስት ውሃ ያጥቡ ነበር። አንዱን ሳፋ ደፍተው ሁለተኛውን ይሞላሉ፣ ሁለተኛውን ደፍተው ሦስተኛውን። «ለሶላት እጄን ሦስት ጊዜ አጥባለሁ» ይላሉ። «ለሰው ፊት ከዚያ ላሳንስ?»

ያን ውሃ ከከተማው በታች ካለው ምንጭ በእንስራ የምታመጣላቸው እትዬ ብርነሽ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ዳኘው የሚባል አንድ ልጇን ውሃ ቀድታ ያሳደገች፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሰላ ሴት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጣቸው «አንተ» ትላቸዋለች።

«እንድሪስ፣ ይኸን ሁሉ ውሃ ለወረቀት?» እንስራውን ከጀርባዋ እያወረደች።

«ለወረቀት አይደለም እትዬ፤ ለሰው ነው።»

«ሰውዬው ራሱ ከጥምቀት እስከ ጥምቀት አይታጠብ! ፎቶው ግን በሦስት ውሃ!»

ጋሽ እንድሪስ ሲስቁ ድምፅ አያወጡም፤ ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል። ቀኑን ሙሉ የሚስቁባት ሰዓት ያች ብቻ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድ ጉርድ ፎቶ አንድ ብር ነው። ብር ይዞ ለፎቶ የሚመጣ ሰው ደግሞ ደባርቅ ውስጥ በሳምንት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው። በቀረው ጊዜ ጋሽ እንድሪስ በሩን ከፍተው ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጭጋጉ ከሰሜን ተራራ ወርዶ በረንዳውን ይሞላዋል፤ ይገፈፋል፤ ተመልሶ ይሞላዋል። እሳቸው እዚያው ናቸው። አንድ ቀን፣ «ሰው የሌለበት ፎቶ ቤት ከመቃብር ይብሳል» አሉኝ። «መቃብር ቢያንስ ሰው አለበት።»

እንግዲህ አቶ ደረበ የመጣው እንደዚህ ባለ ጊዜ ነው። አቶ ደረበ ከበረንዳው ማዶ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ለክፉ የማይሰጥ ነጋዴ ነው። ጎንደር ደርሶ በተመለሰ ቁጥር አንድ አዲስ ነገር ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ያመጣው ሐሳብ ነበር።

«ጋሽ እንድሪስ» አለ የበሩን መቃን ተደግፎ። «ስማኝማ። ከእኔ ሁለት ክንድ ጨርቅ ለገዛ ሁሉ አንድ ቲኬት እሰጣለሁ። ቲኬቱን ይዞ አንተ ዘንድ ይመጣል፤ በብር የምታነሳውን በስሙኒ፣ በሩብ ዋጋ፣ ታነሳዋለህ።»

«በስሙኒ ወረቀቱንም አልገዛው።»

«መጀመሪያ ነዋ! ሰው አንዴ ፊቱን ካየ ይለምደዋል። ከዚያ ቲኬቱ ያልቅና በብሩ ይመጣል። ልጁን ይዞ ይመጣል፣ ሚስቱን ይዞ ይመጣል።»

«በስሙኒ ያየውን ፊት በብር የሚያየው ማን ነው?»

«አንተ ደግሞ! ቤትህ እኮ ሰው የለበትም!»

ጋሽ እንድሪስ ወደ ባዶው ወንበር ሲያዩ አየኋቸው። ብዙ ሰው በኋላ «ለገንዘብ ሲል ነው» ብሏቸዋል። እኔ እዚያው ነበርኩ። አቶ ደረበ የገንዘቡን ነገር ሲነግራቸው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ቤትህ ሰው የለበትም» ሲባሉ ግን «እስቲ እንሞክረው» አሉ።

ቲኬቱ ላይ የሚጻፈውን ግጥም የገጠምኩት እኔ ነኝ። አቶ ደረበ «አንተ ገጣሚ ነኝ ትል የለ፣ በል አሳየን» ሲለኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የጻፍኩት ነገር ከወረቀት ወጥቶ በሰው እጅ ሲዞር የመጀመሪያዬ ነበር። በእንጨት ማኅተም አስቀርጸን ካርቶን ላይ አተምነው።

ጤዛ ነው የሰው ፊት፣ ፀሐይ የሚነጥቀው፤
ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄደህ፣ በስሙኒ ጠብቀው።

ጋሽ እንድሪስ አንብበው፣ «ቆንጆ ነው» አሉኝ። ካርቶኑን እየመለሱልኝ፣ «ፊቱን የምትጠብቀው አንተ አይደለህም እንጂ» አሉ።

ፋሲካ ሲቃረብ ነበርና ሰው ሁሉ ጨርቅ ይገዛል። ከኮሶዬ መጡ፤ ከዛሪማ ቆላ ወጥተው መጡ፤ ከቡይት ራስ በኩል በቅሎ አስከትለው መጡ። በረንዳዬ ላይ የምጽፍበት ቦታ አጣሁ። ጋሽ እንድሪስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ ሠርግ ቤት አባወራ ሆኑ። ኮታቸውን አራግፈው ለበሱ። «ግቡ፣ ግቡ!» እያሉ በር ላይ ቆመው ሰው ይቀበላሉ። ዕድሜያቸው አሥር ዓመት የቀነሰ መሰለኝ።

አንድ ቀን ከዳባት መንገድ የአንድ ማርያም ማኅበር አባላት በሙሉ መጡ፤ ሠላሳ ሁለት ሰው፣ በአንድ ቲኬት። ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴ ሽበታም አዛውንት ናቸው፤ ቲኬቷን በሁለት እጃቸው አቀረቧት።

«ይህ ለአንድ ሰው ነው አባቴ» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«‹አንድ ፎቶ› ነው የሚለው እንጂ ‹አንድ ሰው› የት ይላል? እኛም አንድ ፎቶ ነው የፈለግነው።»

እውነት ነበር። ከግጥሙ ሥር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «አንድ ፎቶ» እንጂ «አንድ ሰው» አላልኩም። ጋሽ እንድሪስ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ሠላሳ ሁለቱን በረንዳው ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ መሬት ላይ ደረደሯቸው። የማኅበሩ ቄስ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። ፎቶው ሲወጣ የያንዳንዱ ሰው ፊት ምስር አከለ፤ ማኅበሩ ግን በደስታ ወሰደው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሳቁ ቆመ። የበሬ ስም መጠየቁም ቆመ። «ቀና! እንዳትንቀሳቀስ! ቀጣይ!» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ማዶ እሰማ ጀመር፤ የእሳቸው ድምፅ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። በጋው ጠንክሮ ምንጩ ቀጥኗል። ሴቶች ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈው አንድ እንስራ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይቆማሉ። ሳፋው ውስጥ ደግሞ መቶ ፊት ይዋኛል።

እትዬ ብርነሽም ከሰልፉ ውስጥ ገባች። ለዳኘው ሱሪ የሚሆን ጨርቅ ገዝታ ቲኬት አግኝታለች። ዳኘው ክረምቱ ሲገባ ለሰሊጥ አረም ሁመራ ሊወርድ ነው።

«አንቺ ለምን ትሰለፊያለሽ እትዬ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ግቢ፣ በነፃ አነሳሻለሁ።»

«ወግድ! ተራዬን ይዣለሁ። ስሙኒ አለኝ፣ ቲኬት አለኝ፤ እንደ ሰው እነሳለሁ።»

ከልጇ ጋር ቆመች። ዳኘው ያን አፍጣጭ ዓሣ አጥማጅ አይቶ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። ጋሽ እንድሪስ ምንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ፊቱ ራሱ መጥቶ ነበር። አነሱት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እትዬ ብርነሽ አንድ እንስራ ውሃ ይዛ ወጣች። በረንዳዬ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር።

«ዛሬ የተገኘው ይኸ ነው። ልድገም?»

ውስጥ የሳፋው ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ደጅ ሰው ያጉረመርማል።

«ይብቃ እትዬ። ደክሞሻል።»

«ልድገም እንጂ! ሁለት ይቀርሃል።»

«ይብቃ አልኩሽ።»

ባዶ እንስራዋን ይዛ ወረደች። ደክሟት ነበር፤ ያም እውነት ነው። ግን ጋሽ እንድሪስ ለእሷ አዝነው ብቻ እንዳልተዉት እኔም አውቄያለሁ፤ እሷም አውቃለች።

ቲኬቱ ከፋሲካ በኋላ አለቀ። በረንዳው ጭር አለ። አቶ ደረበ ጨርቁን ሸጦ ጨርሶ ለሌላ ጭነት ጎንደር ወርዷል። ጋሽ እንድሪስ በር ከፍተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አንድ ገበሬ መጣ፤ ተነሱለት።

«ጋሼ፣ ቲኬቱ መቼ ነው የሚመጣው?»

«አልቋል። አሁን በብሩ ነው።»

«እሺ፣ እስኪመጣ እንጠብቃለን» ብሎ ሄደ። ሰኔ እስኪገባ የመጣው ሁሉ የጠየቀው ይህንኑ ነው። በብር ይነሱ የነበሩት ሁለት ሦስት ሰዎችም አልመጡም፤ ጎረቤታቸው በስሙኒ በተነሳበት ዓመት በብር መነሳት ሞኝነት ሆነባቸዋል። አቶ ደረበ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔስ ሰው አምጥቼልህ ነበር» አለ። ጋሽ እንድሪስም «አዎ፣ አምጥተሃል» አሉት። ውሸት አልነበረም።

ክረምቱ ሲያልቅ ፎቶዎቹ መመለስ ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰው ከዛሪማ የመጣ ነው። ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ፊቱ እንደ ሻይ ቀልቶ፣ አፍንጫና አፉ ጠፍተው፣ ጥምጣሙ ብቻ ቀርቷል። ሌላዋ መጣች፤ የእሷ ከአንገት በላይ ነጭ ሆኗል። የክረምቱ እርጥበት ታጥቦ ያልወጣውን መድኃኒት ቀስቅሶት ነበር። ፊልሙም በዚያው ውሃ የታጠበ ስለሆነ እንደገና ማተም አይቻልም። ከተማው ግጥሜን ገለበጠው፤ ገበያ ውስጥ እንዲህ ሲባል ሰማሁ፦

ጤዛ ነው የሰው ፊት፣ ፀሐይ የሚነጥቀው፤
ፀሐይ ሳትደርስበት፣ እንድሪስ ነጠቀው።

ከእኔው ይሻላል ብዬ ማሰቤን ዛሬም አልረሳም፤ ያፈርኩትም በዚያው ቅጽበት ነው።

መስከረም ውስጥ ከሁመራ መርዶ መጣ። ዳኘው በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። አስከሬን የለም፤ ልቅሶው በልብሱ፣ በዱላውና በፎቶው ሊሆን ነው። እኔና ጋሽ እንድሪስ አብረን ሄድን። ልብሱ ተዘርግቷል፤ አዲሱ ሱሪ የለበትም፤ ለብሶት ሄዷል። እትዬ ብርነሽ ከሙዳይዋ ጠቅልላ ያስቀመጠችውን ፎቶ አወጣች። ጢስ እንዳይነካው ብላ ክረምቱን ሙሉ ፈትታ አላየችውም። ጨርቁን ፈታችው፤ ለአልቃሾቹ ልታሳይ ወደ ላይ ከፍ አደረገችው።

ምንም የለበትም። ዓሣ አጥማጁ ከላይ ቀርቷል፤ አፍጥጧል። ከሥሩ ሁለት ቡናማ ጥላ ብቻ።

አልቃሿ ድምፅዋን ዋጠች። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እትዬ ብርነሽ ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ በሰዉ መካከል ጋሽ እንድሪስን ፈለገቻቸው። አልጮኸችም፤ አልረገመችም።

«ልድገም ብዬህ ነበር እኮ፣ እንድሪስ» አለች።

ጋሽ እንድሪስ ቆመው ቀሩ። ክንዳቸውን ይዤ ነው ያወጣኋቸው። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «ስሙኒ የከፈለም፣ ብር የከፈለም፣ ያለው አንድ ፊት ነው። እኔ ለስሙኒው የስሙኒ ውሃ ሰጠሁት።»

በሳምንቱ ፎቶ ቤቱን ዘጉ። የጣናውን መጋረጃ ለአንድ ጠጅ ቤት ሸጡ፤ በዋጋው ፊልምና ወረቀት አስመጡ። ካሜራውን አህያ ላይ ጭነው ወጡ። ቲኬት ይዞ የመጣውን ሰው ሁሉ በየመንደሩ እየፈለጉ በነፃ እንደገና ያነሱ ጀመር። አንዳንዱ «ደግሞ ምን ሊወስድብን ነው?» ብሎ በሩን ዘጋባቸው። አንዳንዱ ውሻ ለቀቀባቸው። እሳቸው ግን አጥሩ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ቆይቶ ሰውየው ሲወጣ የበሬውን ስም ይጠይቁታል። ፎቶውን የሚያጥቡት እዚያው ወንዝ ዳር ነው፤ በሦስት ውሃ።

አንድ ጊዜ ብቻ አብሬያቸው ሄጃለሁ፤ ወደ ማርያም ማኅበር። ሙሴው አዛውንት አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ሠላሳው ተሰባሰቡ፤ ሁለቱ በዚያ ዓመት አርፈዋል። ጋሽ እንድሪስ እንደ ቀድሞው ሲደረድሯቸው አባላቱ እንቢ አሉ፤ በሁለቱ ቦታ ላይ ማንም አይቀመጥም አሉ። እንዲሁ ክፍተቱን ትተው ተነሱ። ጋሽ እንድሪስ ጨርቁ ውስጥ ገብተው እጅግ ብዙ ቆዩ። እሳቸው ምን እየጠበቁ እንደሆነ ሰዎቹ አላወቁም። እኔም ያን ጊዜ አላወቅሁም። ጨርቁ ትከሻቸው ላይ ይነቃነቅ ነበር፤ የሳቅ ግን አልነበረም።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚዞሩት?» አልኳቸው።

«ቲኬቱ እስኪያልቅ።»

«ሁሉንም አያገኟቸውም እኮ።»

«አላገኛቸውም» አሉ። የአህያዋን ጭነት አስተካከሉ። «አንዱን ደግሞ የት እንዳለ እያወቅሁ አላገኘውም።»

እትዬ ብርነሽን «ፎቶ ላንሳሽ» ብለው ሦስት ጊዜ ለምነዋት፣ ሦስት ጊዜም «ልጄ የሌለበትን ምን ላድርገው?» ብላ እንደመለሰቻቸው አውቃለሁ። ውሃ መቅዳቱን ግን አልተወችም። ደጃቸው ላይ እንስራዋን አስቀምጣ ሳትናገር ትሄዳለች። የድሮው ምላሷ አልተመለሰም። ሁለት ጎረቤታሞች እንዲያ ባለ ዝምታ ውስጥ ዓመት ከዓመት ሲኖሩ ሌላ ቦታ አላየሁም። እኔም መታገሥ አልቻልኩም፤ ወደ ዳባት ተሻገርኩ። ትቻቸው ሄድኩ ማለት ይቀልላል።

መኪናው ደባርቅ ሲያወርደኝ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ፎቶ ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ አንድ የሐዘን ድንኳን የለ፣ ሌላ ሰው የለ። እትዬ ብርነሽ ናት። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ብዙ አልተላቀስንም። ጋሽ እንድሪስ ሳል ታመው ሦስት ሳምንት እንደተኙ፣ የመጨረሻውን ጉዞ ወደ ቡይት ራስ በብርድ እንደሄዱ ነገረችኝ።

«ፎቶ አነሱሽ ወይ በመጨረሻው?» አልኳት።

«አዎ። ሳላየው ምንጩ ዳር ተቀምጦ ኖሯል። ጨርቁ ውስጥ ሆኖ፣ ‹እትዬ፣ ዳኘው ሲስቅ ማንን ነበር የሚመስል?› አለኝ።» ነጠላዋን ሰበሰበች። «እኔን ነበር የሚመስል።»

ፎቶውን አላሳየችኝም፤ አልጠየቅኋትምም።

ቀጥላ የቀብሩን ቀን ነገረችኝ። ከመስጊድ የመጡት ሽማግሎች ገላውን ለማጠብ ውሃ ጠየቁ። ከሰው ሁሉ ቀድማ እንስራዋን ያነሳች እሷ ናት። ክርስቲያን ናት ብለው አመንትተው ነበር፤ ግን ውሃው ውሃ ነው ብለው ተቀበሏት።

«‹ስንት ውሃ ነው የሚታጠበው?› አልኳቸው። ‹ሦስት› አሉኝ። ሦስት ጊዜ ወርጄ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ሦስተኛውን ሳወርድ፣ ‹ልድገም?› አልኩ።»

«ምን አሉሽ?»

«‹ይበቃል እናታችን፣ ደክሞዎታል› አሉኝ።»

እንስራው አጠገቧ ነበር። አፉን በእጇ መዳፍ ጠረገችው።

«ደገምኩት» አለች።